ያልተጻፈ አልተባለም፦ ስለ ልጃችሁ ጉዳይ ከመፈረማችሁ በፊት



ስለ ኢቃማ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ከፊልና ስለ መክተብ ብዙ ታውቃላችሁ። በዕረፍት ቀናችሁ ፋርዋኒያ ወይም ሳልሚያ ስትገናኙ የሰማችውን አንዷ ለሌላዋ ትነግራለች። እምብዛም የማይወራ አንድ ጉዳይ ግን አለ፤ የልጅ ጉዳይ። ልጅ ተወልዶ አባቱ ሲክድ፣ ባልና ሚስት ተለያይተው ልጁ ከማን ጋር ይሁን ሲባል፣ እናት ታስራ ልጁን ማን ይያዘው የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ ወይም ዕድሜዋ ሳይደርስ የመጣች ልጅ ራሷ ዳኛ ፊት ስትቀርብ ምን ይደረጋል? ሐፍረትም ፍርሃትም ስላለበት ብዙዎች ዝም ይላሉ። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚሁ ነው።

የምንለው አጭር ነው። ዳኛው የሚፈርደው በደረሰባችሁ ነገር ሳይሆን ስለ ደረሰባችሁ ነገር በተጻፈው ነው። ስለዚህ የልጃችሁ ዕጣ በሦስት ነገሮች ላይ ይንጠለጠላል፤ ቃላችሁ እንዴት ተጻፈ፣ በየትኛው ዓይነት መዝገብ ሥር ገባ፣ ቁጥሩስ በእጃችሁ አለ ወይ? አገራችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ፍርድ ቤት ውስጥ ደግሞ በጽሑፍ ያልገባ ቃል እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

ዐረብኛ ስታዩ የምትሰሙት የመጀመሪያው ቃል «መሕደር» ነው። ለጆሯችን «ማኅደር» ይመስላል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። የእኛ ማኅደር ወረቀቶች የሚያድሩበት ፋይል ሲሆን፣ ዐረቦች እሱን «መለፍ» ይሉታል። መሕደር ማለት ቃለ ጉባኤ ነው፤ ማን እንደ ቀረበ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ዳኛው ምን እንዳዘዘ የሚጻፍበት ወረቀት። መኽፈር ውስጥ መርማሪው ይጽፈዋል፣ ችሎት ላይ ደግሞ ጸሐፊው ይጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ይግባኝ ብትሉ እንኳ የበላይ ዳኞች የሚያነቡት ያንኑ ወረቀት ነው። ለቅሷችሁን አይሰሙም፣ ፊታችሁንም ላያዩ ይችላሉ።

የኩዌት ሕግ በዚህ ላይ ደጁን አልዘጋባችሁም። በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 166 ወደ ፍርድ ቤት የመሄድ መብት ለሰዎች ሁሉ የተጠበቀ ነው ይላል፤ ለዜጎች ብቻ አላለም። የፍርድ ቤቶች ቋንቋ ዐረብኛ ቢሆንም፣ ዐረብኛ የማይችል ባለጉዳይ ወይም ምስክር ቃለ መሐላ በፈጸመ አስተርጓሚ በኩል እንደሚሰማ በሕግ ተደንግጓል። ኩዌትም ኢትዮጵያም የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ያጸደቁት በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 9 ልጅ ከወላጁ ሊለይ ሲል ወላጆች ቀርበው የመናገር ዕድል እንዲኖራቸው፣ አንቀጽ 12 ደግሞ ልጁ ራሱ እንደ ዕድሜው እንዲሰማ ያዝዛሉ። መብቱ አለ። የሚጠፋው በአፍና በወረቀት መካከል ነው።

እንዴት እንደሚጠፋ ከአስተርጓሚ ወንበር ሆኖ ማየት ቀላል ነው። የመጀመሪያው የቃል ጉዳይ ነው። ኩዌት ውስጥ ከጋብቻ ውጪ የሚደረግ ግንኙነት በ1960ው የወንጀል ሕግ ያስጠይቃል። በማስገደድ፣ በማስፈራራት ወይም በማታለል የተፈጸመ ከሆነ ግን ወንጀለኛው ሰውየው ነው፤ ቅጣቱም እጅግ ከባድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ድንበር አንዲት ቃል ናት፤ «ቢሪዳሃ»፣ ማለትም «በፈቃዷ»። «ታውቂዋለሽ?» ተብላ «አዎ፣ አውቀዋለሁ» ያለች ሴት የቤቱ ሾፌር መሆኑን አውቃለሁ ማለቷ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ግን «ግንኙነት ነበራት» ተብሎ ሊሰፍር ይችላል። «ዝም አልኩ» ያለችው ከፍርሃት የተነሣ ይሆናል። ምክንያቱ ካልተጻፈ ግን ዝምታዋ እንደ እሺታ ይነበባል። ስለዚህ «ፈርቼ ዝም አልኩ፤ በሩን ቆልፎብኝ ነበር» ብላችሁ እንደ ሆነው ሙሉውን ተናገሩ። የፍርሃቱ ምክንያት እንዲጻፍም ጠይቁ።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። «ልጄ በ2002 ተወለደ» ስትሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ጸሐፊው ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። በ7 ወይም በ8 ዓመት ልዩነት የ15 ዓመት ልጅ በወረቀት የ22 ወይም የ23 ዓመት ጎልማሳ ይሆናል። ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የአህዳስ፣ ማለትም የወጣት ጥፋተኞች ሕግ ቁጥር 111 የወጣትነትን ዕድሜ ወደ 16 ዝቅ አድርጎት ነበር፤ በ2017 የወጣው ማሻሻያ ወደ 18 መለሰው። ከመስመሩ ወዲህ ያለ ልጅ በወጣቶች ችሎት፣ ዝግ በሆነ አዳራሽ፣ የማኅበራዊ ባለሙያ ዘገባ ቀርቦለት ይታያል። ከመስመሩ ወዲያ የተጻፈ ግን ከአዋቂዎች ጋር ይቆማል። ለቤት ሠራተኝነት ከ21 ዓመት በታች ማስመጣት በሕግ ቁጥር 68/2015 ክልክል በመሆኑም፣ ደላላ ዕድሜ ጨምሮባት የመጣች ልጅ በፓስፖርቷ 24፣ በእውነቷ 17 ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ያለሽ እህት ካለሽ አትደብቂ። የክርስትና ወይም የትምህርት ቤት ወረቀት ካገር ቤት አስልኪ፤ ዕድሜሽ በሐኪም እንዲመረመርም ጠይቂና ጥያቄሽ መሕደሩ ላይ ይስፈር።

ሦስተኛው ስም ነው። በመደበኛው የዐረብኛ ፊደል «ገ» የለችም፣ «ጨ»ም የለችም። ጌጤ በአንዱ ወረቀት በጂም፣ በሌላው በቃፍ፣ በሦስተኛው በጘይን ትጻፋለች። ጫልቱ ሻልቱ ትሆናለች። የአያታችን ስም ደግሞ የቤተሰብ ስም ተብሎ ይወሰዳል። በሆስፒታሉ ወረቀት ያለችው እናትና በፍርድ ቤቱ መዝገብ ያለችው እናት በፊደል ከተለያዩ፣ ልጁ ነገ «እናቴ ይህች ናት» ብሎ ለማስረዳት ሌላ ክርክር ያስፈልገዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በየትኛውም ቦታ ስማችሁ በበጣቃችሁ ላይ ባለው የዐረብኛ አጻጻፍ እንዲጻፍ አድርጉ።

ከአጻጻፉ ቀጥሎ የሚመጣው መዝገቡ የሚገባበት ክፍል ነው። ከ3 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ወንጀል «ጂናያ» ይባላል። እስከ 3 ዓመት የሚያስቀጣው «ጁንሓ» ነው። የደመወዝ ክርክር «ዑማሊ» ሲሆን፣ ጋብቻ፣ ቀለብና ልጅ ማሳደግ «አህዋል ሸኽሲያ» ውስጥ ይገባሉ። ለእነዚህ የቤተሰብ ጉዳዮች በሕግ ቁጥር 12/2015 በየገዥነቱ የቤተሰብ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ተደንግጓል። የልጅ የዘር ሐረግ ማስረጃ «ነሰብ» ይባላል፤ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። የአህዳሱ ሕግም ሁለት ዓይነት ልጆችን ይለያል፤ ጥፋት የፈጸመውንና ለጥፋት የተጋለጠውን። መንገድ ላይ የተገኘ፣ ጠባቂ ያጣ ልጅ ከሁለተኛው ወገን ነው። ወረቀቱ ላይ ከመጀመሪያው ወገን ቢጻፍ ግን ጥበቃ የሚገባው ልጅ ተከሳሽ መሰለ ማለት ነው።

ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያለ ጋብቻ ውል የወለደች ሴት ጉዳይ ከሆስፒታል ወደ መኽፈር ሊሄድ ይችላል፤ በእናትየው ላይም የወንጀል መዝገብ ይከፈታል። ልጁ በዚያ መዝገብ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ «ሕፃን ይዛለች» ተብሎ። የልጁ የራሱ ጥያቄዎች፣ ማለትም የልደት ምዝገባው፣ ነሰቡና አሳዳጊው፣ የራሳቸው ቁጥር ካልተሰጣቸው፣ እናትየው ተፈርዶባት አገር እንድትለቅ በታዘዘች ዕለት የእሷ መዝገብ ይዘጋል፤ የልጁ ግን ገና አልተከፈተም። እናቱ እያለች ልጁ «መጅሁል»፣ ማለትም ወላጆቹ ያልታወቁ ተብሎ ቢመደብ ደግሞ፣ በኋላ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይሆንም።

ቃላቱም ራሳቸው ወጥመድ አላቸው። «ተናዙል» ስትሉ ወደ ሌላ ከፊል የምትዛወሩበት ወረቀት ይታያችኋል፤ ደስ የሚል ወረቀት ነው። በልጅ ጉዳይ ግን ተናዙል ማለት መብትን መተው ነው። «ሐዳና» ስትሉ የመዳምን ልጆች የምታደርሱበት መዋያ ይታያችኋል። በፍርድ ቤት ቋንቋ ግን ሐዳና ልጅን የማሳደግ መብት ነው፤ «ሐዳና ዓኢሊያ» ሲባል ደግሞ ልጅ በሌላ ቤተሰብ እጅ የሚያድግበት ሥርዓት ነው። «ልጁ ሐዳና ይግባ» የሚለውን ሰምታ ማታ እንደምትቀበለው አስባ የፈረመች እናት ምን እንደ ፈረመች አላወቀችም።

መዝግቦ መያዝና በዓይነት ለይቶ ማስቀመጥ ለልጅ ምን እንደሚያደርግ ከአገራችን አንድ ምሳሌ እናንሣ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 አንድ የልጅ ጉዳይ ወሰነ። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ለዓመታት አሳድጋዋለች። አባቱ ግን ወላጅ ነኝ ብሎ ጠየቀ፤ የሥር ፍርድ ቤቶችም ሰጡት። ሰበር ችሎቱ ያንን ሻረ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 እና በሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን መሠረት መታየት ያለበት የልጁ ጥቅም ነው ብሎ፣ ልጁ ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲቆይ አደረገ። አክስቲቱን የረዳት ማን እንዳሳደገውና ማን እንዳልጠየቀው በመዝገቡ ውስጥ መስፈሩ ነው። ሌሎች ልጆችን የረዳው ደግሞ ውሳኔው በቅጽና በቁጥር ታትሞ መውጣቱ ነው። በወቅቱ በነበረው አዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድድ ስለነበር፣ በማንኛውም ወረዳ ያለ ሰው ያንን ቁጥር ጠቅሶ መከራከር ቻለ።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ የምንለው አለን። የኩዌት ፍርድ ቤቶችና ኒያባ የልጅ ጉዳይ በሚታይበት መሕደር ላይ የአስተርጓሚው ስምና የተጠቀመበት ቋንቋ እንዲሰፍር፣ ከፊርማ በፊትም ቃሉ በባለጉዳይዋ ቋንቋ እንዲነበብላት እንዲያደርጉ እንጠይቃለን። የኢትዮጵያውያን ቋንቋ አማርኛ ብቻ አይደለም፤ ኦሮምኛና ትግርኛ የአፍ መፍቻቸው የሆኑ ብዙዎች ናቸው። በእናት ላይ መዝገብ ሲከፈት የልጁም መዝገብ በራሱ ቁጥር በዚያው ቀን ይከፈት። ኤምባሲያችንም የልጆችን ጉዳይ በእናት ስም ብቻ ሳይሆን በጉዳዩ ዓይነት፣ በመዝገብ ቁጥርና በቀጠሮ ቀን ለይቶ የሚይዝ መዝገብ ይኑረው። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 6 እና በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። አንቀጽ 36 ደግሞ ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ ከሌላው እኩል መብት አለው ይላል። ስለዚህ ልጁ ሊሴ ፓሴ ሲጠየቅለት ብቻ ሳይሆን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ በኤምባሲው ደብተር መታወቅ አለበት።

ከእናንተ ደግሞ እነዚህን እንጠብቃለን።

አስተርጓሚ ሳይኖር ስለ ልጅ ጉዳይ ቃል አትስጡ። «ኡሪድ ሙተርጂም» ማለት «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ነው፤ ይህን በቃል ያዙት። የከፊሉ ዘመድ ወይም የመክተቡ ሰው እንዲያስተረጉምላችሁ አትቀበሉ።

ካልተነበበላችሁ አትፈርሙ፤ የጣት አሻራም አትስጡ። የተጻፈው ያላችሁትን ካልሆነ እንዲታረም ጠይቁ። ካልታረመ ከፊርማችሁ አጠገብ በአማርኛም ቢሆን «አልተነበበልኝም» ብላችሁ ጻፉ።

የመዝገቡን ቁጥር፣ የፍርድ ቤቱንና የክፍሉን ስም፣ ቀጣዩን ቀጠሮ ጽፋችሁ ያዙ። አንድ ቅጂ ስልካችሁ ውስጥ፣ አንድ ቅጂ አገር ቤት በምታምኑት ሰው እጅ ይሁን። ስልክ ሊወሰድ ይችላል።

ልጃችሁ የተወለደበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። የሆስፒታሉን ወረቀት ከማንም አታስይዙ።

ችሎት ውስጥ ግን ስልክ አታውጡ። የልጆች ችሎት ዝግ የሆነው ልጁን ለመጠበቅ ነው። ፎቶውን፣ ስሙን ወይም ታሪኩን ቲክቶክ ላይ ማውጣት በሕግ ሊያስጠይቃችሁ ይችላል፤ ከዚያም በላይ ልጁ አድጎ የሚያነበው ነገር ይሆናል። በገንዘብ የምትረዱ እህቶችም ብትሆኑ የልጁን ፊት ሳታሳዩ መርዳት ትችላላችሁ።

ጓደኛችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት «ማን ወለደብሽ?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «የመዝገብ ቁጥርሽ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። የመጀመሪያው ጥያቄ ያሳፍራታል፤ ሁለተኛው ልጇን ለማግኘት ይረዳታል።