ጠመንጃውን ያኖረ ወታደር ስለ ሕግ መናገር ይገባዋል

«ወታደር ምን ሕግ ያውቃል?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህንንም የሚሉት ብዙውን ጊዜ ወታደሩ ቁሞ በጠበቀው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ሌሎች ደግሞ «ወታደር አፉን የከፈተ እንደ ሆነ አገር ይፈርሳል» ይላሉ፤ እነዚህስ ያዩትን ስላዩ እጅግ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ሳይለዩ ይቀራሉ። በሰፈር ያለ ወታደርና የደንብ ልብሱን አውልቆ ወደ እርሻው የተመለሰ፣ አገር በጠራችው ጊዜ ግን የሚነሣ ተጠባባቂ አንድ አይደሉም። በሰፈር ያለው ከፖለቲካ ክርክር መራቅ ይገባዋል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ87ኛው አንቀጹ ሠራዊቱ ለማናቸውም የፖለቲካ ድርጅት ሳያደላ ሥራውን እንዲፈጽም አዝዟል። እንግዲህ በሥራ ላይ ያለው ዝም ካለ፣ ስለ ቆሰለው፣ ስለ ጡረታው፣ ስለ ሟቹ ልጆች የሚናገር ማን ይሁን? ከሰፈር የወጣው ካልተናገረ ማንም አይናገርም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በአዲስ ቅዳም ገበያ ያየሁት ነገር ነው። አዲስ ቅዳም ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የድንችና የከሰል ጆንያ ከተደረደረበት አልፎ፣ ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ማመልከቻ ጸሐፊ ተቀምጧል፤ በፊቱም አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። በ1983 ዓ.ም. በፈረሰው ሠራዊት ውስጥ ያገለገሉና ጉልበታቸውን የቆሰሉ ሰው ናቸው።

«አያ፣ ይህ ስንተኛው ማመልከቻዎ ነው?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ መቁጠሩን ተውሁት። ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነው፤ ሕጉ አይፈቅድም ይሉኛል።»

«እንደ እርስዎ ያለ ሌላ ሰው በዚህ አገር የለምን?»

በጣታቸው ወደ ገበያው አመለከቱ። «ያ እህል የሚሰፍረው አለ፤ ከወፍጮ ቤቱ በታች አንድ አለ፤ ከገጠር የሚመጡ ሁለት አሉ። ሁላችንም ለየራሳችን እናጽፋለን።»

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ልብ በል። አምስት ሰዎች ለአንድ ነገር አምስት ወረቀት ያጽፋሉ፤ አምስት ጊዜ ይከፍላሉ፤ አምስት ጊዜ ከአንድ በር ይመለሳሉ። በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠውም ሹም ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም። «ሕጉ አይፈቅድም» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ስሕተቱ የሽማግሌዎቹ ነው፤ ሕግን ለመለወጥ ሥልጣን ከሌለው ሰው ዘንድ ሕግ እንዲለወጥላቸው ይለምናሉና። ሕግ ወደሚወጣበት ቤት ግን አንድም ወረቀት አልሄደም።

በአሜሪካ አገር ያሉ ተጠባባቂዎች ይህን ቀድመው ተረድተውታል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1915 ዓ.ም.፣ በጄኔራል ፐርሺንግ አሳሳቢነት የተጠባባቂ መኮንኖች ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1942 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ ምክር ቤት በሕግ አወቀው። አሠራሩ ለእኛ ትምህርት ይሆናል። በየአጥቢያው ያሉ አባሎች ተሰብስበው የጎደለውን ይነጋገራሉ፤ የተስማሙበትንም በውሳኔ ጽፈው ወደ ላይ ይሰዳሉ፤ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ያገኘው የማኅበሩ ቃል ይሆናል። በዋሽንግተን ያለው ሹማቸው ወደ ምክር ቤቱ ሲገባ የራሱን ሐሳብ ሳይሆን ይህን ይዞ ነው። በ1940 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ሃያ ዓመት ያገለገለ ተጠባባቂ በስድሳ ዓመቱ ጡረታ እንዲያገኝ አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ለዘመቻ ተጠርቶ የሄደ ሰው ሲመለስ የቀድሞ ሥራውን እንዳይነፈግ ይጠብቀዋል። እነዚህን የመሰሉ ሕጎች የሚወጡት ጉዳቱን በራሱ ላይ ያየ ሰው ተነሥቶ ሲናገር ነው። ነውርም አላጣቸውም፤ ስሙ እንደሚናገረው የመኮንኖች ማኅበር ነበርና ለተራው ወታደር በሩን የከፈተው ወደ መቶ ዓመት ግድም ከቆየ በኋላ ነው። እኛ የምናቋቁም እንደ ሆነ ከአሥር አለቃው እንጀምር።

አሁን አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ የጎጃም ሰው ነኝና እንዳልሰማሁት ልሆን አልችልም። «ወረቀት ምን አመጣልን? በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ አቤት ያልነውን ማን ሰማን? ተኩሰን እንጂ ጽፈን አልተማርንም» የሚል አለ። እውነት ነው። ያ ሕግ በፓርላማ ሲጸድቅ ገበሬውን ማንም አልጠየቀውም። በጎጃም በብዙ አውራጃ የነበረው ገበሬ ርስቴ ተለክቶ ሊወሰድብኝ ነው ብሎ ተነሣ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ተዛወሩ፤ ውዝፉ ግብር ተማረ፤ ሕጉም በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። ጠመንጃው ሠራ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ዋጋውን አብረን እንቁጠር። ጦር ዘመተ፤ ከሰማይ ቦምብ ወረደ፤ ቤትና ክምር ተቃጠለ። ደግሞስ ምን አተረፍን? ሌላ ሕግ በወጣ ጊዜ ገበሬው የሚጠየቅበት ሥርዓት አልቆመም። ምሕረት አገኘን እንጂ ድምፅ አላገኘንም።

ከዚያም ወዲያ የሆነውን እናስታውስ። በ1966 ዓ.ም. በነገሌ ያለ ወታደር ምግቡ የተበላሸ፣ የሚጠጣው ውኃ የጎደለ መሆኑን ተናግሮ አዛዡን አሰረ። አቤቱታው ትክክል ነበር። በሰኔ ወር ከየክፍሉ የተላኩ ሰዎች በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ፤ ስማቸውም የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስ ሠራዊትና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ደርግ ተባለ። ልብ በል፤ ብሔራዊ ጦር የተባለው ተጠባባቂው ጦር ነው። እንግዲህ በእኛም አገር ተጠባባቂው በሕግ ነገር ገብቶ ነበር፤ ግን ወደ ሕግ ቤት የገባው ከነጠመንጃው ነው። በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ ፓርላማውም አብሮ ተዘጋ። የተላኩትም ሰዎች ወደ ላካቸው ክፍል ተመልሰው «ይህን ይህን ሠራን፤ ደግማችሁ ትመርጡናላችሁን?» ብለው አልጠየቁም። ስለ ምግብና ስለ ውኃ የተላከ ሰው የአገር ጌታ ሆኖ ቀረ። ከሁለት ወር በኋላም፣ በኅዳር 14 ቀን፣ ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። የሽማግሌው ጉልበት የቆሰለው ደርግ ባካሄደው ጦርነት ነው፤ ያ ሠራዊት ሲፈርስም በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወታደር በየመንገዱ ተበተነ።

ስለዚህ ወታደር ስለ ሕግ ይናገር ስል እንደዚያ ይሁን ማለቴ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በ30ኛው አንቀጹ መሣሪያ ሳይይዝ የሚሰበሰብ ሰው አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል። መሣሪያ ሳይይዝ! ይህ ቃል ለሌላው ሰው ቀላል ነው፤ መሣሪያ ለለመደ ሰው ግን ትልቅ ትእዛዝ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ተኩስ ምን እንዳደረገ አንባቢ ከእኔ ይልቅ ያውቃል፤ በማን ጥፋት እንደ ሆነ እዚህ አልከራከርም።

መሰብሰብ የማናውቅ ሕዝብ ግን አይደለንም። በአዊ ምድር የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ፤ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋና በኋላም በጣልያን ወረራ የዘመተውን ፈረሰኛና ፈረሱን ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. እንደ ቆመ ይነገራል። ያን ጊዜ ጠላት ገና ከአገር አልወጣም ነበር። የአባሎቹም ቁጥር ከ50,000 በላይ እንደ ሆነ ተነግሯል። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሱ አጊጦ ሲወጣ ያየ ሰው ልቡ ይሞላል። የተጣላ ያስታርቃሉ፤ የሞተ ይቀብራሉ። እኔ የምለው፣ የዘመተን ሰው ለማሰብ ይህን ያህል ሕዝብ የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ዘምቶ በሕይወት ላለውስ ምነው አንድ ጉባኤ አይሰበሰብም? የአዊ ብሔረሰብ ምክር ቤት በዚያው በእንጅባራ ነው። ለፈረስ ሩቅ አይደለም። ሕጉም በር ከፍቷል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1113፣ የ2001 ዓ.ም.ን ጥብቅ ሕግ ሽሮ ማኅበራት ሕግ እንዲሻሻል ሐሳብ እንዲያቀርቡና እንዲጎተጉቱ ፈቅዷል።

የእኛ ምክር ቤት እንደ አሜሪካው መራጩን አይፈራም የሚል ይኖራል። ይሆናል። ግን ሽማግሌዎቹ ወደዚያ ቤት አንድ ጊዜ እንኳ በአንድነት አልቀረቡምና ገና ሳይጠይቁ እንቢ ተባልን ሊሉ አይችሉም። ደግሞም ማኅበሩን ለአንድ ሊቀ መንበር አስረክበው ወደየቤታቸው የሚገቡ ከሆነ ባያቋቁሙት ይሻላል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ተሰብስበው የላኩት ሰው ምን እንዳለና ምን እንደ ተባለ ካልጠየቁት፣ የ1966ቱ ነገር በትንሹ ይደገማል።

ማመልከቻ ጸሐፊውን «አምስቱ በአንድ ወረቀት ቢፈርሙ ስንት ታስከፍላለህ?» አልሁት። ብዕሩን አስቀምጦ ትንሽ አሰበና «ዋጋው የአንድ ነው፤ ግን ለማን ብዬ ልጻፈው?» አለ። «ለምክር ቤቱ» አልሁት። ሽማግሌው የጀመሩትን ወረቀት አጥፈው በኪሳቸው ከተቱና እህል ወደሚሰፍረው ሰው ዘንድ እያነከሱ ሄዱ።