ከጥቃት በኋላ የሚመጣው ሁለተኛ ግፍ

በሴት ልጅ ላይ በግድ የሚፈጸም የመድፈር ግፍ ድርጊቱ ባበቃበት ሰዓት የሚያልቅ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ግፉ በልብ ገብቶ እንቅልፍ ይነሣል፤ ያለ ጥፋቷ ሐፍረት ያሸክማታል፤ አንዳንዲቱንም ሕይወቷን በገዛ እጇ እስከ ማጥፋት ያደርሳታል። የዓለም የጤና ድርጅት በአገራችን በቡታጅራ አካባቢና በሌሎችም ብዙ አገሮች ባስጠናው ጥናት፣ ከባሎቻቸው ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ካልደረሰባቸው ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት መሞከራቸው በዝቶ ተገኝቷል። በልጅነታቸው የተደፈሩትም እንደዚሁ ናቸው።

ድርጊቱ ራሱ ከባድ መሆኑ ሳይካድ፣ በእኛ አስተያየት አደጋውን የሚያብሰው ቤተ ሰብ፣ ጎረቤትና ዳኛ ከዚያ በኋላ የሚያደርጉባት ነገር ነው። የሞሮኮን ነገር እንመልከት። በዚያ አገር የወንጀል ሕግ በ475ኛው አንቀጽ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ አስኮብልሎ የወሰደ ሰው ቢያገባት ከክስ ይድን ነበር፤ ይህም ቃል ለደፋሪዎች መጠጊያ ሆኖ ኖረ። በ2004 ዓ.ም. አንዲት የ16 ዓመት ልጅ፣ ደፈረኝ ያለችውን ሰው እንድታገባ ከተደረገች በኋላ ራሷን አጠፋች። ሕዝቡ በራባት በምክር ቤቱ ደጅ ቆሞ ጮኸ። ቃሉ ከሕጉ የተሰረዘው ግን በ2006 ዓ.ም. ነው።

ይህን የምንጽፈው በሰው አገር ለመፍረድ አይደለም። በእኛም አገር የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በፈቃዷ ያገባት እንደ ሆነ ክሱን ያስቀርለት ነበር፤ ፈቃድ የተባለውም ብዙ ጊዜ በጠላፊው ቤት የተገኘ ፈቃድ ነው። ይህ የቀረው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ሕጉ ከተለወጠ በኋላም ሽማግሌ ተቀምጦ ነገሩን በካሣና በጋብቻ የሚያበርድበት ቦታ አልጠፋም። እርቅ ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን የተበደለችው ሳትጠየቅ የሚደረገው እርቅ የማን እርቅ ይባላል?

ስለዚህ አባትና እናት ይህ መከራ በልጃቸው ላይ የደረሰ እንደ ሆነ «ለምን ሄድሽ?» ከማለት ይልቅ ፈጥነው ወደ ሐኪም ይውሰዷት፤ የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበትና። ከዚያም ወዲያ ምግብ ጠልታ፣ ከሰው ርቃ፣ ዝምታ አብዝታ ቢያዩዋት፣ ራሷን ስለ ማጥፋት ታስብ እንደ ሆነ በፍቅር ይጠይቋት። መጠየቅ ሐሳቡን ያሳድርባታል ብሎ መፍራት ከንቱ ነው። አዎን ያለች እንደ ሆነም ለብቻዋ አይተዋት፤ የአእምሮ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል በዚያው ቀን ያድርሷት።