«አእምሮ ነው» ተብሎ ካርዱ ሲዘጋ

ዲላ ውስጥ አንድ የ19 ዓመት ወጣት ድምፅ መስማት፣ ሰው መጠርጠር፣ ትምህርቱን መተው ጀመረ እንበል። መጀመሪያ ጸሎት ቤት ወይም ጠበል ይወሰዳል። ዕድለኛ ከሆነ ቀጥሎ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይደርሳል፤ ካርዱ ላይ «ሳይኮሲስ» ተጽፎ መድኃኒት ይሰጠዋል። በኋላ እግሩን መጎተት ቢጀምር፣ ብርጭቆ ከእጁ ቢወድቅ «መድኃኒቱ ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ እውነትም መድኃኒቱ ነው። አንዳንዴ ግን አይደለም።

ሉኮዲስትሮፊ የሚባሉ፣ በዘር የሚተላለፉ የአንጎል በሽታዎች አሉ። የሚያጠቁት የአንጎልን ነጭ ክፍል፣ ማለትም የነርቭ ክሮችን እንደ ሽቦ ልባጥ የሸፈነውን ማይሊን ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ሜታክሮማቲክ ሉኮዲስትሮፊ በጉርምስና ሲጀምር ቀድሞ የሚታየው ሽባነት ላይሆን ይችላል፤ ጠባይ መለወጥና ሳይኮሲስ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ ግምገማ፣ በሽታው ከ12 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ከጀመራቸው የተመዘገቡ ታማሚዎች ከግማሽ በላይ የሳይኮሲስ ምልክት እንደነበራቸው አሳይቷል።

«ብርቅ በሽታ ነው፤ ለጌዴኦ ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። ብርቅነቱ እውነት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 ለሕፃናት የፈቀደችው የጂን ሕክምና ዋጋው 4.25 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ስለእሱ ማውራት በእርግጥም ቀልድ ይመስላል።

ነገር ግን ሁሉም እንዲህ አይደሉም። ሴሬብሮቴንዲነስ ዛንቶማቶሲስ የሚባለው በጊዜ ከተገኘ በሚዋጥ መድኃኒት ይገታል። ምልክቶቹም ማሽን አይጠይቁም፦ በልጅነት የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ ገና በወጣትነት የዓይን ሞራ፣ ተረከዝ ጅማት ላይ እብጠት። በአድሬኖሉኮዲስትሮፊ ደግሞ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ ይደክማል፤ ድካም፣ ማስመለስ፣ የቆዳ መጥቆር ይታያል። (በጥቁር ቆዳ ላይ መጥቆር ስለማይለይ ድድና የመዳፍ መስመር መታየት አለበት።) የዕጢው ድካም ሳይታወቅ ቢቀር ይገድላል፤ የሚተካው ሃይድሮኮርቲዞን ግን የቆየ መድኃኒት ነው።

ጌዴኦ ላይ ሌላም ነገር አለ። በ2010 ዓ.ም. ከምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺህዎች ተፈናቅለው ያዩትን አይተዋል። ስለዚህ የአንድ ወጣት አእምሮ ሲታወክ መጀመሪያ መፈናቀሉን ማሰብ ተገቢ ነው። አደገኛው፣ ማሰቡ እዚያው ሲቆም ነው።

ሁሉም ታማሚ ኤምአርአይ ይነሳ ማለት ግን ሞኝነት ነው። ቡናውን ሸጦ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ድረስ የሚሄደው ቤተሰብ ነው። ማንን መላክ እንደሚገባ የሚለየው ጥያቄ ነው፦ አረማመዱ ተቀይሯል? ቀድሞ የሚያውቀው ትምህርት እየጠፋበት ነው? እንዲህ ሆኖ የሞተ ወንድም ወይም አጎት አለ? ዲላ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል አለው። እነዚህን ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ቀን ካርድ ጋር ማያያዝ የወረቀት ዋጋ ነው።

ውጤቱን መንገርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አድሬኖሉኮዲስትሮፊ ወንዱ ልጅ ላይ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከእናቱ ነው። «ከእናትየው ነው» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ያለ ማብራሪያ ከወጣ ትዳር ያፈርሳል። ያቺው እናት ግን እህቶቿና ሌሎች ልጆቿ በጊዜ እንዲታዩ በሩን የምትከፍተው ሰው ናት።