ማስፈራሪያ ያደረግነው ሰው ሲደርስልን

ልጅ አልበላም ወይም አልተኛም ባለ ቁጥር በየቤታችን የምንጠራቸው ማስፈራሪያዎች አሉ። ድሮ አያ ጅቦና ጭራቅ ነበሩ። ከተማው እየሰፋ ጅቡም እየራቀ ሲሄድ በእነርሱ ቦታ ሰዎችን ተካን። «መርፌ የሚወጋው ሐኪም መጣ»፣ «ቆራሌው በጆንያው ይከትሃል»፣ «ዝም በል፣ ፖሊሱ ይወስድሃል» እንላለን።

ቀኑን ሙሉ በሥራ ደክማ የገባች እናት ይህን ብትናገር የሚፈርድባት የለም። ልጁም ለጊዜው ዝም ይላል፣ ጉርሻውንም ይቀበላል። ነገር ግን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፣ እኛ የረሳነው ቃል በልጁ ልብ ውስጥ ይቀመጣል። አንዲት የማውቃት እናት ያጫወተችኝ የመንገድ ላይ ገጠመኝ ይህንን በሚገባ የሚያስረዳ ሆኖ ስላገኘሁት ለዚህ ሳምንት ዓምዳችን መርጬዋለሁ። ስሟ እንዳይጠቀስ ጠይቃኛለች፤ ታሪኩ ግን ለሌሎች እናቶች ትምህርት ይሆናል በማለት ፈቅዳልኛለች።

ይህች እናት በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። በ2011 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ሰሞን፣ ባለቤቷ ለሥራ ከከተማ ወጥቶ ስለነበር፣ ወላጅ እናቷን፣ የ8 ዓመት ሴት ልጇንና የ5 ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ ወደ ሸዋ ሮቢት ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ነበር። በዓሉ ካለፈ በኋላ አሮጌ ቶዮታዋን እየነዳች ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረች።

መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው። ጣርማ በር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። መኪና ከዚያ ቆላ ተነስቶ በደብረ ሲና አድርጎ ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ እስካሠራው ዋሻ ድረስ ሲወጣ ከ1,500 ሜትር በላይ ሽቅብ ይቧጥጣል። ሞተር በዚህ ዳገት ይፈተናል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ደግሞ ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ በ3,000 ሜትር ላይ የተጣደ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ስለዚህ የሚያፈስ ራዲያተር ይዞ ጣርማ በርን መውጣት ችግርን መጋበዝ ነው።

የእርሷም መኪና ከደብረ ሲና ከወጣች በኋላ፣ ከዋሻው በታች ባለው ጠመዝማዛ ላይ እንፋሎት ጎልጎል እያለባት ቆመች። ጊዜው መሽቷል። ጉሙ መንገዱን ሸፍኗል። የስልኳ ባትሪ አልቋል። ቀን ሙቀት ውስጥ የዋሉት ልጆች የለበሱት ስስ ልብስ ስለነበር ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሁለት መኪናዎች መብራታቸውን ብልጭ አድርገው አለፉ። ሦስተኛው አይሱዙ ነበር፤ ጥቂት አለፍ ብሎ ቆመና ከጋቢናው አንድ ካፖርት የለበሰ ሰው ወረደ። በመኪናው የኋላ መብራት ቆቡን ስታይ ፖሊስ መሆኑን አወቀች።

«እውነቱን ልንገርሽ፣» አለችኝ፣ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አልኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት መንጃ ፈቃዴን ነው። ከዚያ ደግሞ በኩርባ ላይ በመቆሜ ስንት ሊቀጣኝ እንደሆነ በልቤ ማስላት ጀመርኩ።»

ወላጅ እናቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ወረቀትሽን አዘጋጂ። የሚልሽን እሺ በይ፤ መልስ አትመልሺለት» አሏት። ትንሹ ልጅ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር ገብቶ ተደበቀ። እያለቀሰም፣ «እማዬ፣ እራቴን እበላለሁ! እበላለሁ በይው!» ይል ጀመር።

በአንዲት መኪና ውስጥ የነበሩ ሦስት ሰዎች፣ እርዳታ የሚሹበት ጊዜ ላይ ሆነው፣ የመጣላቸውን ሰው ፈሩ። እናቲቱ ይህን ያስተዋለችው ቆይታ ነው። በዚያ ሰዓት ግን ኮፈኑን ከፍታ፣ ቶሎ ለመገላገል በሻርፏ የራዲያተሩን ክዳን ልትፈታ እጇን ዘረጋች። ፖሊሱ ገና ከሩቅ «አይንኩት!» ብሎ ጮኸባት። ክው አለች። እርሱ ግን ደርሶ፣ «ይቅርታ እህቴ፣ ያስደነገጥኩዎት እንፋሎቱ ፊትዎን እንዳይልጠው ብዬ ነው። ልጆቹን በርዷቸዋል?» ሲል ጠየቃት። ስለ መንጃ ፈቃድ አላነሣም።

ቀጥሎ ያደረገው ሁሉ የሰከነ ነበር። ከጎማዎቹ ኋላ ድንጋይ አስደገፈ። አራቱንም ፍሬቻ አስበራት። ከመንገዱ ዳር ቅጠል ቆርጦ ከኩርባው ወዲያ፣ ወደ ኋላ ርቆ በመሄድ፣ የሚመጣው ሾፌር አስቀድሞ እንዲያየው አስቀመጠ። ከአይሱዙው ረዳት አንድ ጀሪካን ውኃ ተቀበለ። ሾፌሩ ጭነቱን ቶሎ ማድረስ ስለነበረበት፣ «ሳጅን፣ እንሂድ እንጂ፣ ይመሽብናል» ቢለው፣ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እቆያለሁ» አለው። መኪናውም ሄደ።

በኋላ እንደተረዳችው ሳጅኑ በዚያ ሰዓት በሥራ ላይ አልነበረም። የሁለት ቀን ፈቃድ አግኝቶ ደብረ ብርሃን ወደሚገኘው ቤተሰቡ በሊፍት እየሄደ ነበር። ባይወርድ ኖሮ የሚጠይቀው አለቃ፣ የሚወቅሰውም ሰው አልነበረም። ከአጭር ፈቃዱ ላይ ሰዓት ቆርጦ የሰጣቸው በገዛ ፈቃዱ ነው።

ካፖርቱን አውልቆ ለአሮጊቷ ደረበላቸው። የትንሹን ልጅ ልቅሶ ሰምቶ ነበርና መኪናው ውስጥ አንገቱን አስገባና፣ «እኔም ቤት እራቱን አልበላም የሚል አለ፤ ስሙን ልንገርህ?» አለው። ልጁ መልስ አልሰጠም። ሳጅኑም አልጎተተውም፣ አላባበለውም። የእጅ ባትሪውን አብርቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠለትና፣ «ቧንቧው የት ጋ እንደተቀደደ የሚያሳየኝ መብራት ያዥ እፈልጋለሁ። አንተ ካልቻልክ እህትህ ትያዝልኝ» ብሎ ወደ ሞተሩ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ልጁ ባትሪውን በሁለት እጁ ይዞ ከጎኑ ቆመ።

የተቀደደው ራዲያተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቱቦ ጫፍ ነበር። ሳጅኑ የተቀደደውን ጫፍ በሴንጢ ቆረጠው፤ የቀረውን ስቦ አስገባና ረዳቱ በሰጠው የከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልሎ በሽቦ አሰረው። ከዚያ ሞተሩ እስኪበርድ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ክዳኑ በእጅ ሲነካ የማያቃጥል በሆነ ጊዜ ቀስ አድርጎ ከፍቶ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ ጨመረ። ሊነሱ ሲሉም ሁለቱን ልጆች አስከትሎ ድንጋዩንና ቅጠሉን ከመንገዱ ላይ አስነሳ። «እኛ ዳንን ብለን ለሌላው አደጋ ትተን አንሄድም» አላቸው። ሲሠሩበት ያመሹትን ድንጋይ አስፋልት ላይ ትተው የሚሄዱ ስንት ሾፌሮች እንዳሉ የመንገድ ሰው ያውቀዋል።

እስከ ደብረ ብርሃን አብሯቸው ተጓዘ። ልጁ ትከሻው ላይ ተኝቶ ነበር የደረሱት። ሲወርድ እናቲቱ ገንዘብ ልትሰጠው ብትሞክር፣ «ለቱቦው ይሁንዎት፤ ነገ አዲስ ይግዙለት፣ ይህ እስከ ቤትዎ ብቻ ነው የሚያደርሰው» ብሎ መለሰላት። አሮጊቷ ካፖርቱን ሲመልሱለት እጁን ይዘው፣ «ልጆችህን ይባርክልህ፤ ያሳድግልህ» አሉት። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ እስኪገቡ ድረስ ብዙ አልተናገሩም።

ገጠመኙ ይኸው ነው። ደግነቱ የሚያስደስት መሆኑ ግልጽ ነው። ነገር ግን ያ ደግነት ለምን እንዲህ ያልተጠበቀ እንደሆነባቸው ልንጠይቅ ይገባናል። በመኪናዋ ውስጥ የነበረው ፍርሃት ከሦስት ቦታ የመጣ ነው።

የአያትየዋ ፍርሃት ከኖሩበት ዘመን የመጣ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው። በዚያ ዘመን ማታ በር ሲንኳኳና መሣሪያ የያዘ ሰው ሲገባ ምን ይከተል እንደነበር ያየ ሰው፣ ቆብ ሲያይ ልቡ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ይህን ፍርሃት ጊዜና መልካም ሥራ እንጂ ምክር አያወጣውም። የእናትየዋ ፍርሃት ደግሞ በየዕለቱ ከሚያጋጥመው የመንገድ ላይ ንትርክና ቅጣት የመጣ ነው። ይህንን ማስተካከል በአብዛኛው የፖሊስ ድርሻ ነው። ሕግን ማስከበርና ሰውን ማክበር አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ያ ሳጅን አሳይቷል። በአንድ ሳጅን ደግነት ሁሉም እንዲህ ነው ለማለት አይቻልም፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለውም አለና ሊነገርለት ይገባል።

የትንሹ ልጅ ፍርሃት ግን ከየትም አልመጣም፤ ከቤት ነው የተሰጠው። አምስት ዓመት ሙሉ ፖሊስ ክፉ ነገር አላደረገበትም። «እራትህን ብላ፣ ፖሊሱ ይወስድሃል» የተባለውን አምኖ ነው ወንበር ሥር የገባው። ከሦስቱ ፍርሃቶች ውስጥ ዛሬውኑ ልናስቀረው የምንችለው ይህንን ነው።

ነገሩን እንደ ቀላል የምንመለከት ካለን ይህን እናስብ። ጃንሜዳ በጥምቀት፣ መስቀል አደባባይ በደመራ፣ መርካቶ በበዓል ዋዜማ ምን ያህል ሕዝብ እንደሚሰበሰብ እናውቃለን። በዚያ ግርግር እጁ ከእጃችን ያመለጠ ሕፃን ወደ ማን እንዲሄድ እንፈልጋለን? ፖሊስ ይወስደኛል ብሎ የሚያምን ልጅ ፖሊሱን ሲያይ ይሸሻል፣ ይደበቃል፤ ምናልባትም «ና፣ ከረሜላ ልግዛልህ» ለሚለው የማይታወቅ ሰው እጁን ይሰጣል። ከፍ ያለች ሴት ልጅም ብትሆን አንድ ሰው ክፉ ነገር ቢያደርግባት፣ በፖሊስ ጣቢያ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተል ክፍል መኖሩ ብቻውን አይጠቅማትም። ጣቢያ የሚወሰደው ጥፋተኛ ብቻ ነው ብላ ያደገች ልጅ በደሏን ደብቃ ትኖራለች።

ስለዚህ እናቶች የሚከተለውን ብናደርግ ይበጃል። ልጅ እምቢ ሲል በሌላ ሰው ከማስፈራራት ይልቅ የራሳችንን ቃል እንጠቀም። «ካልበላህ ይርብሃል፤ ሌላ ምግብ ግን እስከ ጠዋት የለም» ማለት እውነት ስለሆነ ይበቃል። ልጁ ሙሉ ስሙን፣ የእናትና የአባቱን ስም፣ የሰፈሩን መጠሪያና የአንዳችንን ስልክ ቁጥር በቃሉ እንዲያጠና እናድርግ። በመንገድ ስናልፍ ትራፊክ ፖሊሱ ተማሪዎችን ሲያሻግር እያሳየን፣ «ከጠፋህ እንዲህ የለበሰውን ሰው ጠይቅ» እንበለው። ከፍ ላሉት ደግሞ በአዲስ አበባ ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 መደወል እንደሚቻል እናስተምራቸው።

መኪና ለምትነዱ እህቶችም ከዚሁ ገጠመኝ የሚወሰድ አለ። ረጅም መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት የራዲያተሩን ውኃና ቱቦዎቹን መካኒክ ይይላችሁ። ሁለት ጀሪካን ውኃ፣ ፒንሳ፣ ሽቦ፣ የእጅ ባትሪ፣ የሚያንጸባርቅ ሦስት ማዕዘንና ለልጆች ብርድ ልብስ ከመኪናው አይጥፉ። ሙቀት መለኪያው ከፍ ማለት ሲጀምር እንፋሎት እስኪወጣ አትጠብቁ፤ ሜዳ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። የጋለ ራዲያተር ክዳን በሻርፕም ሆነ በጨርቅ አትክፈቱ።

በመጨረሻም፣ ደግ የሠራ ሰው ሥራው ይነገርለት። የበደለንን ባለሥልጣን ወይም ሠራተኛ ስም በየቡና ጠጡ እናነሣለን፤ የረዳንን ግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለን እንረሳዋለን። ያቺ እናት አዲስ አበባ በገባች በሳምንቱ ለሳጅኑ ጣቢያ ኃላፊ የምስጋና ደብዳቤ ጽፋለች። ወንድ ልጇም በደብዳቤው ግርጌ አንድ ትልቅ የእጅ ባትሪ ሥሎበታል። በዚያ ቤት ራት አልበላም የሚል ልጅ ዛሬም አይጠፋም፤ ፖሊስ የሚጠራበት ግን የለም።

እናንተም ከምታስታውሱት ሰው የተደረገላችሁ ያልጠበቃችሁት መልካም ነገር ካለ ጻፉልን። ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።