የተዘጋው ባሕሩ ብቻ ነውን?
(ከካልጋሪ፣ ካናዳ)

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ አበው፣ ስለ ባሕር በር የሚነገረንን ሁሉ ከሥሩ መመርመር ግድ የሚልበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. ስለ ቀይ ባሕር ለምክር ቤት አባላት ያደረጉት ገለጻ በቴሌቪዥን ከተላለፈ ወዲህ፣ የአክሱምና የአዱሊስ ስም በየመድረኩ እንደ ጸሎት ሲደገም እንሰማለን። አክሱም ባሕር ነበራት፤ ታላቅ ሆነች። ባሕሯን አጣች፤ ወደቀች። እንግዲህ ባሕሩ ሲመለስ ታላቅነቱም ይመለሳል ማለት ነው። ስብከቱ ባጭሩ ይኸው ነው።

ከወዲሁ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዛ፣ ከውጭ ንግዷ ከዘጠኝ አሥረኛው የሚበልጠውን በጅቡቲ ወደብ በኩል የምታሳልፍ አገር ስለ ባሕር በር ብትጨነቅ የሚገርም አይደለም። የአሰብን ጉዳይ ማንሣት እንደ ጦር ናፋቂነት ይቆጠር የነበረበትን ዘመን እኛም ብዕር ይዘን በአገር ቤት ሳለን አይተነዋል። ስለዚህ ጠባችን ከባሕሩ ጋር አይደለም። ጠባችን በግማሹ ከተነገረውና ለጦርነት ከበሮ መምቻነት ከቀረበው ታሪክ ጋር ነው።

እስቲ አክሱምን ራሷን እንጠይቅ። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የቀይ ባሕር መርከበኞች መምሪያ ስለ አዱሊስ ሲያወሳ ወደቡን ብቻ ገልጾ አያበቃም። ከአዱሊስ እስከ ቆሎኤ የሦስት ቀን፣ ከዚያ እስከ አክሱም ደግሞ የአምስት ቀን መንገድ መሆኑን ይቆጥራል፤ የዝሆኑ ጥርስ ከዓባይ ማዶ ተሰብስቦ በአክሱም በኩል ወደ ወደቡ እንደሚወርድም ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ አዱሊስን ያየው ግሪካዊው ነጋዴ ኮስማስም፣ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል ወርቅ ወደሚገኝባት ወደ ሳሱ ሰዎችን ይልክ እንደነበር፣ ከእነርሱም ጋር ከአምስት መቶ የሚበልጡ ነጋዴዎች በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይጓዙ እንደነበር ጽፏል። ደርሶ መልሱ ስድስት ወር ያህል ይፈጅ ነበር። ለስድስት ወር በሬ እየነዱ፣ ወርቅ ይዘው የሚመለሱ ሰዎች በሰላም ወደ ቤታቸው የሚገቡባት አገር ምን ዓይነት አገር እንደነበረች አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ያ ሰላም ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ንጉሥ ዒዛና በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካስቀረጿቸው የድንጋይ ጽሑፎች አንዱ ለጦርነት የወጡበትን ምክንያት ይናገራል፤ የነጋዴ ጓዝ በመንገድ ላይ ተጠቅቶ፣ ነጋዴዎቹም ስለተፈጁ ነበር። ዘመቻው እንደ ዘመኑ ሁሉ ጨካኝ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ልብ እንበል፤ የነጋዴ ደም በመንገድ ላይ ሲፈስስ የመንግሥቱ ክብር እንደተደፈረ ይቆጠር ነበር። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ንጉሥ እንዱቢስ በወርቅና በብር ሳንቲም ማስመታታቸውም የዚሁ አካል ነው። መንገዱና ገንዘቡ የታመኑ ስለነበሩ ነው ወደቡ ወደብ የሆነው።

ውድቀቱስ? የአፄ ካሌብ ሠራዊት በ525 ባሕር ተሻግሮ የመንን ያዘ፤ ድሉ ግን አልጸናም፤ ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ፋርሶች ገቡበት። የንግዱ አቅጣጫም እየተለወጠ ሄደ፤ ዐረቦች በ702 ዳህላክን ያዙ፤ ባግዳድ በ762 ከተቆረቆረች በኋላም ብዙው ሸቀጥ ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ አዘነበለ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የባሕር ሰባኪዎች የማይነግሩን ግን ሌላ አለ። አዱሊስ ገና በመርከብ እየተጨናነቀች ሳለች የአክሱም ወርቅ ሳንቲም ንጥረቱ እየቀነሰ፣ ብር እየተደባለቀበት መጥቶ ነበር፤ በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሳንቲም መምታቱ ጨርሶ ቆመ። በዋና ከተማይቱ ዙሪያ ያለው መሬትም ተራቁቶና ተሸርሽሮ እንደነበር የአፈር ጥናት ያደረጉ ሊቃውንት ጽፈዋል። ወደቡ ከመሞቱ በፊት ገንዘቡና መሬቱ ታመው ነበር።

በመካከለኛው ዘመንም ታሪኩ ይኸው ነው። አፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 በይፋቱ ሰብረዲን ላይ ሲዘምቱ፣ ዜና መዋዕላቸው ከሚዘረዝራቸው በደሎች አንዱ ለንግድ ያሰማሯቸው ነጋዴዎች መታሰራቸውና ዕቃቸው መወረሱ ነው። ቱርኮች በ1557 ምጽዋን ያዙ። ስብከቱ እውነት ቢሆን ኖሮ አገሪቱ በዚያው ባበቃላት ነበር። ነገር ግን አፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን መናገሻ አደረጉ፤ ምጽዋ በባዕድ እጅ ሳለች የጎንደር ሲራራ ነጋዴ ወደ ምጽዋም ወደ ስናርም እየተመላለሰ ከተማይቱን አበለጸጋት። ጎንደርን የገደላት የባሕር እጦት አይደለም። ከ1769 በኋላ የመጣው ዘመነ መሳፍንት ነው። በየወንዙ መሻገሪያና በየበሩ ኬላ ቆመ፤ ነጋዴው ከአንዱ መስፍን ወሰን ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ቀረጥ ከፈለ፤ አሞሌ ጨው ከአፋር ሜዳ ወጥቶ መሀል አገር እስኪደርስ ድረስ በየመንገዱ እየተሸረፈ ዋጋው አልቀመስ አለ። ጉልበተኛው በዛ፣ መንግሥት ግን ጠፋ።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ እንዳይመስለን ወደ ምዕራብ አፍሪካ እንሻገር። ጋና፣ ማሊና ሶንጋይ የባሕር ወደብ አልነበራቸውም፤ ባሕራቸው ሰሐራ፣ መርከባቸው ግመል ነበር። የጋና ንጉሥ አንድ የአህያ ጭነት ጨው ሲገባ አንድ፣ ሲወጣ ሁለት ዲናር ወርቅ ይቀበል እንደነበር አል በክሪ በ1068 ጽፏል። ቀረጡ የታወቀ፣ የተቆረጠ ነበር። በ1352 ወደ ማሊ የሄደው ኢብን ባጡጣ በዚያች አገር ከወደዳቸው ነገሮች አንዱ መንገደኛ ቀማኛ የማይፈራባት መሆኗ ነው። ሶንጋይ ግን ንጉሣውያኑ በሥልጣን ሽኩቻ ከተከፋፈሉ በኋላ በ1591 በቶንዲቢ ሜዳ የሞሮኮ ጠመንጃ ጣላት።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ትግራይ በጦርነት ነደደች፤ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ አማራ ክልል በጦርነት ውስጥ ገባ። በሰኔ 2016 መጨረሻ፣ አብዛኞቹ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ተማሪዎች የሆኑ ከመቶ በላይ የአውቶቡስ መንገደኞች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። ጫካ ማደሪያቸው ሆነ፤ ቤተሰብ ጥሪቱን ሸጦ ቤዛ ፍለጋ ተንከራተተ። የከባድ መኪና ሾፌሮች በየመንገዱ ሲገደሉና ሲታገቱ ከርመዋል፤ ሕጋዊና ሕገ ወጡ የማይለይ ኬላም ገንዘብ ሲሰበስብባቸው ኖሯል። እዚህ ካልጋሪ ለትምህርትና ለመድኃኒት እንልከው የነበረው ገንዘብ ለዘመድ ማስለቀቂያ መዋጣት ከጀመረ ሰነበተ። ጠመንጃ ይዞ መንገደኛ የሚያግት ሁሉ፣ የፈለገውን ባንዲራ ቢያውለበልብ፣ ሽፍታ ነው። ዜጋውን በአውራ ጎዳና መጠበቅ ያልቻለ መንግሥትም የመንግሥትነት የመጀመሪያ ግዴታውን አልተወጣም። ገንዘቡስ? በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ከ130 ብር በላይ ሆነ። የአክሱም ሳንቲም ታሪክ የገባው ሰው ይህን አይቶ በሰላም አይተኛም።

ከአክሱም ስም ጋር የተያያዘ ሌላም ዕዳ አለ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በዚያችው በአክሱም ከተማ የኤርትራ ወታደሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎችን መግደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል መርምሮ አጋልጧል። እነዚያ ወታደሮች ያን ጊዜ የአዲስ አበባው መንግሥት አጋሮች ነበሩ። በአክሱም ሐውልት የሚምል መንግሥት በሐውልቱ ሥር ለወደቁት ፍትሕ ሳይሰጥ የአክሱምን ባሕር ወራሽ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል?

«እናንተ በሰው አገር ተቀምጣችሁ ታወራላችሁ» የሚሉን አይጠፉም። እንግዲያው ከተቀመጥንበት የምናየውን እንናገር። አልበርታ ባሕር የላትም። ከመካከላችን የከባድ መኪና መሪ ጨብጦ ከካልጋሪ እስከ ቫንኩቨር አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ተራራ ሰንጥቆ የሚወርድ ወገን ሞልቷል፤ ከጭነት መመዘኛ ጣቢያ በቀር የሚያስቆመው የለም። «ቫንኩቨርማ የራሳቸው ወደብ ነው» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የአልበርታ ነዳጅ ወደ ባሕር የሚወርድበትን ቧንቧ ጎረቤቲቱ ብሪትሽ ኮሎምቢያ ለዓመታት ተቃወመች። ክርክሩ በጥር 2020 በካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተቋጨ፤ በግንቦት 2024 የተስፋፋው ቧንቧ ሥራ ጀመረ። ደም አልፈሰሰም። ባሕር የሚከፍተው ሕግ፣ ውልና መታመን እንደሆነ በዓይናችን አየን።

የእኛ መንግሥት ግን በታኅሣሥ 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመ፤ ከሞቃዲሾ ጋር ተቋሰለ፤ ዓመት ሳይደፍን በአንካራ የሶማሊያን ሉዓላዊነት አክብሬ እደራደራለሁ ብሎ መግለጫ አወጣ። መጨረሻው ድርድር ከሆነ ድንፋታው ለምን አስፈለገ?

ጥያቄያችን ግልጽ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ በአገር ውስጥ ጦርነቱ በድርድር ይቁም። መንገዶች ይከፈቱ፤ በየመንገዱ የተተከለው ኬላ ይነሣ፤ ቀረጡ አንድና የታወቀ ይሁን። ከጎረቤቶቻችን ጋር ወደብ በውልና በጋራ ጥቅም ይፈለግ። የጎጃም ጤፍ አዲስ አበባ በሰላም ሳይገባ ባሕር ቢገኝ ምን ጭነን ልንወርድበት ነው? ዳግመኛ የድሃ ልጅ በባሕር ስም ወደ ጦር ሜዳ እንዳይነዳ ሁላችንም፣ በአገር ውስጥም በስደትም ያለን፣ ከወዲሁ እንቢ እንበል!

ቸር ይግጠመን።
ኢትዮጵያ በክብር ለዘላለም ትኑር!