ጥብቅ ማሳሰቢያ ለነዋሪዎች በሙሉ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው የአማርኛ ሰዋስው ለመማር ትምህርት ቤት መሄድ አያስፈልገውም። የብሎኩን መግቢያ ግድግዳ ማንበብ ይበቃዋል። «ቤት ይከራያል»፣ «ሞግዚት እንፈልጋለን»፣ «ቁልፍ ወድቆ ያገኘ» ከሚሉት ወረቀቶች መካከል ማኅተም ያረፈበት አንድ አይጠፋም። ከላይ በወፍራሙ «ጥብቅ ማሳሰቢያ» ይላል። ከሥሩ ያሉት ግሦች ሁሌም ያው ናቸው፤ እንድትገኙ፣ እንድትከፍሉ፣ እንድታሟሉ፣ እንድታጸዱ። መዝጊያው ደግሞ «ይህ ባይሆን ኃላፊነቱን አንወስድም» ነው። «ይህን ወሰንን»፣ «ይህን ያህል ብር አወጣን»፣ «ይህኛው አልተሳካልንም» የሚል ማስታወቂያ እስካሁን አላጋጠመኝም። አንደኛ መደብ ብቅ የሚለው ኃላፊነት ላለመውሰድ ብቻ ነው።

ጠቤ ከዚህ ሰዋስው ጋር ነው። ወረዳ ለነዋሪው የሚነግረው ከነዋሪው የሚፈልገውን እንጂ በነዋሪው ስምና ገንዘብ ያደረገውን አይደለም። ይህን እንደ ጥቃቅን የቢሮ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ግን የብዙ ችግራችን ሥር እዚህ ጋ ይመስለኛል።

የካ አባዶ የዕጣ ሰፈር ነው። በ1997 ዓ.ም. ተመዝግቦ ዐሥር ዓመት የጠበቀ ሰው በ2007 ዓ.ም. በወጣው 10ኛ ዙር ዕጣ ስሙን ፈልጎ ያገኘበት ሰፈር ነው። ከአራት ኪሎ የመጣ አለ፣ ከመርካቶ የመጣ አለ፣ ከገዛው ሰው ላይ ተከራይቶ የገባ አለ። በድሮው ሰፈር ወሬ በቡና ይዞር ነበር፤ ቦይ የሚቆፈረው ለምን እንደሆነ፣ ማን እንዳዘዘው፣ የማን አጥር እንደሚነካ ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ ይታወቅ ነበር። እዚህ ፕሮጀክቱ ቁጥር ነው፣ ብሎኩ ቁጥር ነው፣ ቤቱም ቁጥር ነው። በሩ ብረት ነው። እንዲህ ያለ ሰፈር ከማንኛውም ሰፈር ይልቅ የታመነ የአካባቢ ዜና ያስፈልገዋል፤ የደረሰው ግን ማሳሰቢያ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ የተባለው 11ኛ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ሲቋቋም በዚህ አቅጣጫ የሚኖር ስንቱ ሰው ቤቱ ሳይነቃነቅ ክፍለ ከተማው ተለወጠበት። ከተማዋ ወደ ምሥራቅ አብጣለችና መከፋፈሉ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ በሱ አልከራከርም። ግን ለመታወቂያ ወዴት ነው የሚኬደው? የቤቴ ፋይል የት ሄደ? የግብር መዝገቤን ማን ተረከበው? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ማለዳ ታክሲ ተራ ላይ ተሰልፎ ከማያውቁት ሰው መጠየቅ የዘመናዊ ከተማ ወግ ነው እንዴ?

«ኧረ እኛ እኮ ቴሌግራምም ፌስቡክም አለን» የሚሉ ኃላፊዎች አሉ። አዎ አላቸው። ገጾቹን ከፍቶ ማየት ነው። ኃላፊው ችግኝ ሲተክሉ፣ ኃላፊው ማዕድ ሲያጋሩ፣ ኃላፊው ከመድረኩ መሐል ተቀምጠው፣ ኃላፊው ጣታቸውን ወደ አንድ ቦይ ቀስረው። ቦዩ ስንት እንደፈጀ፣ ማን እንደሚሠራው፣ መቼ እንደሚያልቅ ከፎቶው ሥር ይኖራል ብሎ ቁልቁል የወረደ አንባቢ የሚያገኘው «በዕለቱም የዘርፉ አመራሮች ተገኝተዋል» የሚል ነው። መገኘት ዜና ሆኖ ቀርቷል። እኛም እንድንገኝ እንጠራለን፣ እነሱም ተገኝተዋል፤ ጉዳዩ ራሱ ግን አልተገኘም።

«ነዋሪው ስብሰባ ሲጠራ አይመጣም» የሚለው ሌላው መልስ ነው። እውነት አላቸው፣ አይመጣም። ለምን ይመጣል? አጀንዳው የሚነገረው ወንበር ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። የተዘጋጀ ጽሑፍ ይነበባል፤ ሰው እጁን አውጥቶ ስለ ፍሳሽ መስመሩ ይናገራል፤ መድረኩም «በሂደት የምንፈታው ይሆናል» ብሎ ያሳርጋል። የስም መፈረሚያው ግን በደንብ ይዞራል። ባለፈው የተናገርነው ምን ደረሰ ተብሎ የሚጀመር ስብሰባ ቢኖር ወንበር ባልበቃ ነበር።

ይህ ልማድ የትናንት አይደለም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን በወረሰው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተቋቋመው ቀበሌ በወረቀት ላይ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነበር። ማኅበር! ብዙም ሳይቆይ ነዋሪው የሚጠራበት፣ የሚቆጠርበት፣ ስኳር የሚሰፈርለትና የሚጠበቅበት ቦታ ሆነ። መንግሥት ተለወጠ፣ ቀበሌዎቹም ተዋሕደው ወረዳ ተባሉ፤ ሰው ግን እስከ ዛሬ «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» ነው የሚለው። ሰው የሚጠራው የሚያውቀውን ነው።

ምክር ቤቱስ? በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ለአንድ ቀበሌ ምክር ቤት 300 ያህል መቀመጫ ተዘጋጅቶ ነበር። ሦስት መቶ! የሰርግ ድግስ ነው የሚያህለው። ከሦስት መቶ ተወካይ የአንዱን ስም የሚያውቅ ነዋሪ ግን ያኔም በመብራት ነበር የሚፈለገው። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. 33 ፓርቲዎች ባልተሳተፉበት ምርጫ ሌላ ምክር ቤት ተመረጠ፤ ዘመኑ አምስት ዓመት ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ተራዘመ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ጣቢያ ስንሰለፍ የተሰጠን ወረቀት ለተወካዮች ምክር ቤትና ለከተማው ምክር ቤት ነበር፤ ደጃችን ላለው ምክር ቤት የሚሆን ወረቀት አልነበረም። እንግዲህ ድምፅ ያልተጠየቀ ሰው ዜናም ቢነፈገው ምን ይገርማል? መራጩን የማይፈራ ምክር ቤት ለማን ብሎ ይለጥፋል?

«አቅም የለንም፣ ይህ የሠለጠኑት አገሮች ነገር ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም። ይህቺ አገር አድርጋው ታውቃለች። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ለጋሾች በቀጥታ ለበጀት የሚሰጡትን ድጋፍ አቁመው፣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘቡ የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ በተባለው ፕሮግራም በኩል ወደ ወረዳዎች ሲሄድ አንዱ የሥራ ክፍል የበጀት ግልጽነት ነበር። በየክልሉ ያሉ ወረዳዎች ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለውኃ፣ ለገጠር መንገድ የተመደበውን ተራ ሰው በሚገባው ሠንጠረዥ ሰሌዳ ላይ ለጠፉ። ሰማይ አልወደቀም። ብዕርና ካርቶን የሌለው ወረዳ የቻለውን በመዲናይቱ ያለ፣ ኮምፒውተር የተደረደረለት ቢሮ እንዴት አይችልም? ለአበዳሪና ለለጋሽ የሚነገር ቁጥር ለባለቤቱ ሲሆን ምሥጢር የሚሆነው በየትኛው ሒሳብ ነው?

ለጋሹም ይቅር፤ ዕድሩን እንይ። በኮንዶሚኒየሙ የተቋቋሙት ዕድሮች ዕድሜያቸው አጭር፣ ገንዘባቸው ጥቂት ነው። ሆኖም ገንዘብ ያዥ አላቸው፣ ሒሳብ መርማሪ አላቸው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ጠቅላላ ጉባኤ ተቀምጦ የተሰበረ ወንበር ሳይቀር ይቆጠራል። ድንኳኑ ሲቀደድ ማን ተውሶት እንደነበር ይጠየቃል። ሰብሳቢው የማይመልስ ከሆነ በሚቀጥለው ወር ሰብሳቢ አይደለም። ይህን ያደረጉት እነዚያው «ንቃተ ሕሊናው ዝቅተኛ ነው» የሚባሉት ነዋሪዎች ናቸው። ለድንኳን ሒሳብ የሚተሳሰብ ሕዝብ ለመንገድ ሒሳብ ደንታ የለውም የሚባለውን ተረት የሚያምን ይመን።

የውኃውን ነገር ልጨምር። የካ አባዶ ለገዳዲ ባለበት አቅጣጫ የተተከለ ሰፈር ነው፤ አዲስ አበባን ከ50 ዓመት በላይ ሲያጠጣ የኖረው ግድብ ሩቅ አይደለም። ውኃው በፈረቃ መሆኑን ነዋሪው ችሎታል፤ ሮቶውን ገዝቷል፣ ባልዲውን ደርድሯል። ፈረቃ ወጥቶ ለሕዝብ መነገሩም ደግ ነገር ነው፣ ይመስገን። የማይቻለው ፈረቃው ሲፋለስ የሚከተለው ዝምታ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች እናት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቧንቧ ስትጠብቅ የምታድረው ውኃ ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ እንደማይመጣ የሚነግራት ስለጠፋ ነው። «ፓምፕ ተበላሽቷል፣ እስከ ሐሙስ አትጠብቁ» የሚል አንድ መስመር እንቅልፏን ይመልስላት ነበር። አንድ መስመር በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ተበላሽቷል» የሚለውን ቃል መድፈር ነው። የኛ ሹም ደግሞ መጥፎ ዜና ከሚናገር ምንም ባይናገር ይመርጣል። ዝም አይነቅዝም ብሎ።

አንድ ጊዜ፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፣ የምክር ቤት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ማየት እችል እንደሆነ ጠየቅሁ። «ከየት ነው የመጡት? ለምንድን ነው የፈለጉት?» ተባልኩ። ነዋሪ ነኝ ማለት መልስ አልሆነም። ከጋዜጣ ነኝ ብል ደግሞ ይብስ ነበር። ሕጉ ግን ሌላ ነው የሚለው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የሚዲያው ክፍል በ2013 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ቢተካም፣ የመረጃ ነፃነቱ ክፍል መብቱን የሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው፤ ለጋዜጠኛ ብቻ አይደለም። የመንግሥት አካል ሳይጠየቅም አሠራሩን እንዲያሳትም ግዴታ አለበት፤ ሲጠየቅ ደግሞ ቢበዛ በ30 ቀን መመለስ አለበት። ሕጉ የሚከለክላቸው ነገሮች መኖራቸው አይካድም። የኮብልስቶን ዋጋ ግን የአገር ደኅንነት ምሥጢር ነው የሚል አንቀጽ አላየሁበትም።

ስለዚህ ለወረዳ ቢሮዎች የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። ከዚያው ማሳሰቢያ ከሚለጠፍበት ግድግዳ ላይ ሦስት ነገር ይለጠፍልን፤ ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበት ቀንና አጀንዳው፣ ባለፈው የወሰነው፣ የዓመቱ በጀት ከነወጪው። ፎቶ አያስፈልግም።

ለጎረቤቶቼም አንድ ነገር አለኝ። እስኪለጠፍ አንጠብቅ። እነዚህን ሦስት ነገሮች የሚጠይቅ ደብዳቤ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ብሎኩ ተሰብስቦ ይፈርምበት፣ አዋጁ በቁጥሩ ይጠቀስበት፣ ሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፤ በሌላው ላይ ማኅተምና ቀን ይመታበትና ከነሱ ማሳሰቢያ ጎን ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። 30ኛው ቀን ላይ መልስ ካልመጣ ያው ቅጂ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል።