ወጣቶች ስለሚያነቡት መጽሐፍና ከመጽሐፉ ስለሚሠራው ሲኒማ

ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ በየቤቱ ሲጠየቅ ስለምንሰማው አንድ ነገር ጥቂት ቃል ለመናገር እንወዳለን። ነገሩም ይህ ነው፤ ለወጣቶች የተጻፈ አንድ የልብ ወለድ ታሪክ በሲኒማ ተሠርቶ ሲወጣ፥ ልጁ «በ2 ሰዓት አይቼ የምጨርሰውን ታሪክ ስለ ምን ሳምንት ሙሉ አነበዋለሁ?» ብሎ አባቱን ይጠይቃል። ጥያቄው ከስንፍና ብቻ የመጣ ስለሚመስል ብዙ አባቶች በቍጣ ይመልሱታል። ዳሩ ግን ቍጣ መልስ አይደለም፤ ልጁ የጠየቀው እውነተኛ ጥያቄ ስለ ሆነ እውነተኛ መልስ ይገባዋል።

ቀድሞ ሲኒማ ለማየት ከቤት መውጣት፥ የመግቢያም ገንዘብ መክፈል ያስፈልግ ነበርና ወላጅ ቢፈቅድ ይፈቅዳል፥ ቢከለክልም ይከለክላል። ዛሬ ግን ሲኒማው ራሱ በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ አድርጎ ከልጁ መኝታ ቤት ድረስ ይገባል። ስለዚህ የወላጅ ሥራ በር መዝጋት ሳይሆን ልጁ ያየውን እንዲመዝን ማስተማር ኾኗል።

እኛ በፍርድ ቤት በጽሕፈት ሥራ የምናገለግል ሰዎች፥ የባለጉዳይ ቃል በሙሉ ሲጻፍና ፍሬ ነገሩ ብቻ ተመርጦ ሲጻፍ ያለውን ልዩነት በየቀኑ እናያለን። ፍሬ ነገሩን የሚያወጣው ጸሐፊ ሐሰት አይጨምርም፤ ነገር ግን «ይህ ይጻፍ፥ ይህ ይቅር» ብሎ የሚመርጠው እርሱ ነው። ዳኛውም ያን ብቻ አይቶ ቢፈርድ፥ ሳያውቀው በጸሐፊው ምርጫ ፈረደ ማለት ነው። ሲኒማም እንዲሁ ነው። የሲኒማ ሠሪዎች አንድ ገጽ የሲኒማ ጽሑፍ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል ብለው ይገምታሉ፤ በዚህ ስሌት የ2 ሰዓት ሲኒማ 120 ገጽ ያህል ነው፥ ያውም ባዶ ቦታው የበዛ ገጽ። 300 ወይም 400 ገጽ ያለው መጽሐፍ በዚህ ውስጥ ሊገባ አይችልምና የግድ ይቈረጣል። ስለዚህ ሲኒማውን «ከመጽሐፉ ጐደለ» ብሎ መክሰስ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። የሚገባው ጥያቄ «የቀረው ምንድር ነው? ስለ ምንስ ቀረ?» የሚለው ነው። ይህንንም በምሳሌ ለማስረዳት በአሜሪካ አገር የታወቁ አምስት መጻሕፍትን እናነሣለን፤ ዓመቶቹን ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናቸዋል።

አንዳንዱ ለውጥ ከችግር የመጣ ነው። ሉዊስ ሳከር በ1998 ባወጣው «ጕድጓዶች» በሚባለው መጽሐፍ፥ ስታንሊ የሚባል ልጅ ባልሠራው ስርቆት ተከሶ ወደ በረሓ ሰፈር ይላካል፤ በዚያም በየቀኑ አንድ አንድ ጕድጓድ እንዲቈፍር ይገደዳል። በመጽሐፉ ልጁ ሲመጣ ወፍራም ነበረ፤ በቍፋሮው ብዛት ሰውነቱ እየቀጠነና እየጠነከረ ይሄዳል። በ2003 በወጣው ሲኒማ ግን ከመዠመሪያው ቀጭን ነው። ምክንያቱም ሲኒማ እንደ ታሪኩ ተራ አይነሣም፤ የመጨረሻው ክፍል ቀድሞ፥ የመዠመሪያው ኋላ ሊነሣ ይችላል፤ አንድ ልጅ ደግሞ ዛሬ ወፍሮ ነገ ሊከሳ አይችልም። የሲኒማውን ጽሑፍ የጻፈው ራሱ ደራሲው ስለ ሆነ፥ ለውጡ መጽሐፉን ከመናቅ የመጣ አይደለም። የሆነ ሆኖ፥ ሥራ የልጅን ሰውነት እንዴት እንደሚለውጥ ቀስ በቀስ የሚያየው ያነበበው ብቻ ነው።

አንዳንዱ ለውጥ ደግሞ ለዓይን ጌጥ ተብሎ የሚደረግ ነው፤ ይህም ብዙ ጕዳት የለበትም። ፍራንክ ባውም በ1900 ባሳተመው «ድንቁ የኦዝ ጠንቋይ» በተባለው መጽሐፍ፥ ዶሮቲ የምትባለው ልጅ የምታገኘው ጫማ የብር ነው። ሜትሮ ጎልድዊን ማየር የተባለው የሲኒማ ማኅበር በ1939 ታሪኩን በባለ ቀለም ፊልም ሲያወጣው፥ ቀዩ በቀለም ፊልም ላይ ደምቆ እንዲታይ ጫማውን የቀይ ዕንቍ አደረገው። ስለ ጫማ የሚከራከር ሰው የለም። ነገር ግን ያው ሲኒማ ሌላ ከባድ ለውጥ አድርጓል፤ በመጨረሻ ልጅቱ ከአልጋዋ ላይ ትነቃለች፥ ቤተ ሰዎችዋም ያየሽው ኹሉ ሕልም ነው ይሏታል። በመጽሐፉ ግን የሄደችበት አገር በእውነት ያለ አገር ነው። ዶሮቲ ወደ አጎትዋ እርሻ ስትመለስ፥ አሮጌውን ቤት ዐውሎ ነፋስ ወስዶት ነበርና አጎትዋ አዲስ ቤት ሠርቶ ታገኛለች። ይህ አዲስ ቤት እንደ ማስረጃ ቆሞ ይመሰክርላታል። የፈራችው፥ የደፈረችውና ባልንጀሮችዋን የረዳችው ኹሉ የተፈጸመ ሥራ ነው እንጂ የእንቅልፍ ነገር አይደለም። ለአንዲት ልጅ «ድፍረትሽ ሕልም ነበረ» ማለትና «ድፍረትሽ እውነት ነበረ» ማለት አንድ አይደለም።

ከኹሉ ይልቅ አሳባችንን የሚገልጽልን ሎይስ ላውሪ በ1993 የጻፈችው «ሰጪው» የሚባለው መጽሐፍ ነው፤ በሚከተለውም ዓመት ኒውበሪ የሚባለውን የአሜሪካ የልጆች መጻሕፍት ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ ሥቃይና ጠብ፥ ምርጫና ትዝታ ስለ ጠፉበት አንድ ሰፈር ነው። የቀደመውን ዘመን ትዝታ ኹሉ ተሸክሞ የሚኖር አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ ዮናስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ ትዝታውን ከእርሱ እንዲቀበል ይመረጣል። በዚያ ሰፈር የሚኖሩት ሰዎች ቀለም አያዩም። መጽሐፉ ግን ይህን ቶሎ አይናገርም። አንባቢው ብዙ ገጽ ካለፈ በኋላ ነገሩ ሲገለጥለት ይደነግጣል፤ ሰማዩንም ሣሩንም በአሳቡ ቀለም እየቀባ ያነበበው እርሱ ራሱ ነበርና። በ2014 የወጣው ሲኒማ ግን ከመዠመሪያው በጥቍርና በነጭ ይዠምራል። ብልሃቱ ያማረ ነው፥ ቀለሙም ቀስ በቀስ ሲመጣ ልብን ይነካል፤ ነገር ግን ልብ ፈልጎ ያገኘው የነበረውን ዓይን ያለ ድካም ወሰደው። ዮናስም በሲኒማው ከ12 ዓመት ልጅነት አልፎ ጐረምሳ ኾኗል። ከሕፃንነት ገና ያልወጣ ልጅ እንዲህ ያለውን ሸክም መሸከሙ ግን የታሪኩ ዋና ክብደት ነበረ።

በመጽሐፉ መጨረሻ ዮናስ አንድ ሕፃን ታቅፎ በበረዶ ላይ ቍልቍል ይወርዳል፥ ከሩቅም ብርሃን ያያል፥ ዜማም ይሰማል። መጽሐፉ በዚያ ያበቃል። በቤተ ክህነት ትምህርት ያደግን ሰዎች መምህሮቻችን አንዱን ቃል ከተረጐሙ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላ ትርጓሜ ሲያመጡ፥ እንደ ገናም «አንድም» ሲሉ ሰምተናል። ይህም መጨረሻ እንዲሁ ነው፤ ልጁ ዳነ፥ ከሰዎች ቤትም ደረሰ፤ አንድም፥ በብርድ ሊሞት ሲል ያየው የምኞት ብርሃን ነው፤ አንድም፥ የሰማው ዜማ ትቶት ከመጣው ሰፈር ትዝታ ሲመለስላቸው የተሰማ ነው። ደራሲዋ በኋላ በጻፈቻቸው ሌሎች መጻሕፍት ልጁ በሕይወት መኖሩን ገልጻለች፤ ነገር ግን የ1993ን መጽሐፍ ብቻ ይዞ የተቀመጠ ልጅ ራሱ መርምሮ ራሱ ይፈርዳል። በሲኒማው ግን ትዝታው ወደ ሰፈሩ ሰዎች ሲመለስ በዓይናችን እናያለን። መጽሐፉ ሦስት መንገድ ከፍቶ ሲተው ሲኒማው አንዱን አሳይቶ የቀሩትን ዘጋ። እንግዲህ ለልጁ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ሲኒማ አንዱን ትርጓሜ በጥሩ አድርጎ ያሳያል፥ መጽሐፍ ግን «አንድም» ማለትን ያስተምራል።

ስንፈርድ ግን የሲኒማውንም ወገን መስማት ይገባል፤ ሲኒማ የሚጨምረው መልካም ነገርም አለና። ሱዛን ኮሊንስ በ2008 ባወጣችው «የረኃብ ጨዋታ» በተባለው መጽሐፍ፥ አንድ ጨካኝ መንግሥት ከ12 አውራጃዎች በየዓመቱ አንድ አንድ ወንድና አንድ አንዲት ሴት ልጅ፥ በጠቅላላው 24 ልጆች፥ ሰብስቦ አንድ እስኪቀር ድረስ እንዲገዳደሉ ያደርጋል፤ ሕዝቡም በግድ ያያል። ታሪኩን የምትናገረው ካትኒስ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ራስዋ ስለ ሆነች፥ አንባቢው እርስዋ ካየችው በቀር አያይም። በ2012 የወጣው ሲኒማ ግን የጨዋታው ሹማምንት ተቀምጠው እሳቱንና አውሬውን የሚልኩበትን ክፍል፥ መሪውም ከሹሙ ጋራ የሚመክርበትን ስፍራ ያሳያል። ግፍ በጽሕፈት ቤት ተቀምጠው ሥራቸውን በጸጥታ በሚሠሩ ሰዎች እጅ እንደሚፈጸም ማሳየት ታላቅ ትምህርት ነው፤ ይልቁንም ሹመት ላለን ሰዎች።

ነገር ግን በዚሁ ታሪክ አንድ ብርቱ ነገር ይገለበጣል። በመጽሐፉ ካትኒስ ከባልንጀራዋ ጋራ የምታሳየው ፍቅር ስንቱ እውነት፥ ስንቱም ከተመልካች ስጦታ ለማግኘት የተደረገ እንደ ሆነ ከልብዋ ጋራ ስትሟገት እንሰማለን። በሲኒማው የምናየው ፊትዋን ስለ ሆነ ሙግቱ አብዛኛው ይቀራል። ከዚህም በላይ፥ ያነበበ ሰው ከምትታየው ልጅ ጋራ ሆኖ ይፈራል፤ ሲኒማውን የሚያይ ግን ሳያውቀው ከተመልካቾቹ ወንበር ተቀምጧል። መጽሐፉ የሚወቅሰው ደግሞ የሰውን ልጅ ሞት እንደ ጨዋታ ተቀምጦ ማየትን ነው። በእንግሊዝ አገር የ12 ዓመት ልጆች እንዲያዩት ለማስፈቀድ ደም የሚታይበት 7 ሰከንድ ያህል ከሲኒማው ላይ ተነሥቷል። ልጆችን ከደም ማየት መጠበቅ ይገባል፤ ዳሩ ግን ደሙ ሲደበቅ ግፉም ቀሎ እንዳይታያቸው ወላጅ ማስረዳት አለበት።

ልጆች ይህን ኹሉ ለመመርመር ዐቅም የላቸውም የሚል ቢኖር፥ የሚከተለውን ይመልከት። «ከውጭ የቀሩት» የሚባለውን መጽሐፍ ሂንተን የምትባል የአሜሪካ ልጅ በ15 ዓመትዋ መጻፍ ዠምራ በ1967 አሳተመችው። ታሪኩ ወላጆቻቸው በአደጋ ስለ ሞቱባቸው ሦስት ወንድማማቾች ነው፤ ታላቁ ገና 20 ዓመት ሲሆነው ታናናሾቹን ያሳድጋል፥ መንግሥትም እንዳይለያያቸው ይፈራሉ። በ1980 በካሊፎርኒያ፥ በፍሬስኖ የሚገኝ የአንድ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ቤት ኀላፊና ተማሪዎች፥ መጽሐፉን በሲኒማ እንዲሠራው ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ለተባለው ታላቅ የሲኒማ አዘጋጅ ደብዳቤ ጻፉለት፤ እርሱም ሰምቶ በ1983 አወጣው። ሲኒማው ግን አጭር ነበረና ከወንድማማቾቹ የቤት ኑሮ ብዙው ቀርቶ ነበር። አዘጋጁም በ2005 የቀረውን 22 ደቂቃ ያህል መልሶ እንደ ገና አወጣው፤ ከተመለሰውም ውስጥ ወንድማማቾቹ በዳኛ ፊት ቀርበው አብረው እንዲኖሩ የሚፈረድላቸው ይገኛል። እንግዲህ ሲኒማው እንዲሠራ ምክንያት የኾኑት አስቀድመው መጽሐፉን ያነበቡ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ለቤተ ሰብ አለቆችና ለእመቤቶች የምንመክረው ይህ ነው። ቢቻል መጽሐፉ ይቅደም፥ ሲኒማው ይከተል። አንድ ጊዜ በሲኒማ የታየ ፊት ከልብ አይወጣምና፥ ልጁ በኋላ ሲያነብ በገዛ አሳቡ መሣል ይሳነዋል። ሲኒማው ቀድሞ ከታየም ተስፋ መቍረጥ አይገባም፤ በሲኒማው በር ወደ መጽሐፉ የገባ ልጅ ብዙ ነው። በዚያው ሳምንት መጽሐፉን ገዝቶ ወይም ተውሶ መስጠት ነው፤ ማንበብ ለሚከብደውም በየማታው አንድ አንድ ምዕራፍ ድምፅ እያሰሙ ማንበብ ነው። ኹለቱም ካለቁ በኋላ ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ ከመጽሐፉ ምን ቀረ? በሲኒማው ምን ተጨመረ? አንተስ፥ አንቺስ አዘጋጅ ብትሆኑ የትኛውን ታስቀሩ ነበር? ወላጅ መልሱን ቢቃወመው እንኳ እስከ መጨረሻው ይስማ። ለዚህም ወላጁ ራሱ መጽሐፉን ማንበብ ያስፈልገዋል፤ ያላነበበ መርማሪ ምስክር ሊጠይቅ አይችልምና።

ዛሬ በቤታችን ከተቀመጡት ልጆች አንዳንዶቹ ነገ በወንበር ተቀምጠው በሰው ነገር ይፈርዳሉ። ያን ጊዜ በፊታቸው የሚቀርበው ነገር አንዱን ገጽታ ብቻ አሳምሮ የሚያሳይ ይሆናል፤ አሳማሪውም ብልህ ይሆናል። የቀረውን የሚጠይቅ፥ «አንድም» ብሎ የሚመረምር ዳኛ በሹመት ቀን አይገኝም፤ በልጅነቱ በቤቱ ሲለማመድ ያደገ እንደ ሆነ ነው እንጂ።